የእድራችን ድስት እና የልጆቻችን ዴስክ

ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ሐዋሳ ላይ ከሰዓት ከሰዓት ዝናብ ነው። ሰው ዝናብ ሲጥል ስለ በቆሎ እሸት ያስባል። እኔ የማስበው ስለ ብረት ነው።

በሰፈራችን ትምህርት ቤት፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ የተሰባበሩ ዴስኮች ተቆልለዋል። ባለፈው ሳምንት ከሁለት ወላጆች ጋር ገብተን ቆጠርናቸው። 73 ናቸው። አብዛኞቹ ተገልብጠው እግራቸው ወደ ሰማይ ነው፤ በመሃላቸው ሣር በቅሏል። አንዱን ጎትተን አወጣነው። ብረቱ ደህና ነው፣ ዝገቱም ገና ላይ ላዩን ነው። የጎደለው ሁለት ቡሎንና አንድ የመቀመጫ ጣውላ ነው። በቃ። መጻፊያው ላይ አንድ ልጅ በኮምፓስ ጫፍ «8ኛ ለ» ብሎ ፍቆበታል።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ለሦስት ልጅ በተሠራው ዴስክ ላይ አምስት ልጅ ይቀመጣል። ዳር ያለው ልጅ ግማሽ መቀመጫው አየር ላይ ነው። አንድ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ነው የሚጽፈው። ልጄ ይህን ሲነግረኝ መጀመሪያ የስንፍና ሰበብ መስሎኝ ነበር። ሄጄ ተቀምጬ ሞከርኩት፤ አሥር ደቂቃ አልቆየሁም።

እኔ መምህር አይደለሁም። ሁለት ልጆቼ እዚህ ተምረው አልፈዋል፣ ሦስተኛው መስከረም ላይ 7ኛ ክፍል ይገባል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የወተመህ አባል ነኝ። ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ማለት ነው። የተመረጥኩት ስብሰባው ላይ አርፍጄ ስለደረስኩ ነው፤ ቀድመው የመጡት በሌለሁበት ጠቁመውኝ ጠበቁኝ።

ይህ ዴስኮቹን ለመጠገንና ለልጆቹ የመለማመጃ ፈተና ለማባዛት የገንዘብ ጥሪ ነው። ገና ከመጀመሪያው ልናገረው። ግን ብር ልጠይቅ መጀመሪያ የሄድኩት የእድራችንን መዝገብ ለዓመታት የያዙ እናት ቤት ነበር። ቡና አፍልተው ሰሙኝ። ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ መዝገቡን አሳየኝ። ከዚያ ነው ብር የምትጠይቀኝ» አሉኝ። መዝገብ አልነበረኝም። ስኒዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ልክ ነበሩ። የእኛን እድር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ስንት ድስት፣ ስንት ወንበር፣ ስንት ብርጭቆ እንዳለን ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቃል። ብርጭቆ የሰበረ ይተካል። አንዴ ትልቁ ድስት ጠፍቶ ሁለት እሁድ ሙሉ ስብሰባ ተቀምጠናል። በመጨረሻ ከአንድ ለቅሶ ቤት ጓሮ ተገኘ፣ ዶሮ ታቅፎበት። ለአንድ ድስት ሁለት እሁድ! 73 ዴስክ ሲወድቅ ግን አንድ ሰው «የት ደረሰ?» አላለም። የመንግሥት ነዋ። በእኛ አፍ «የመንግሥት» ማለት «የማንም ያልሆነ» ማለት ሆኗል።

በወረቀት ላይ ግን እንዲህ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አስተዳደር ያልተማከለ እንዲሆን አድርጓል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ደግሞ ለወላጆች ኅብረትና ለቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ሥራ ሰጥቷቸዋል። በጀት ማየት፣ ዕቅድ ማጽደቅ፣ የትምህርት ቤቱን ሥራ መከታተል የእኛም ድርሻ ነው። እኛ የምንሰበሰበው ግን ልጅ ሲደባደብ ወይ መዋጮ ሲጠየቅ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤታችን ብቻውንም አይደለም። አራት ትምህርት ቤቶች በአንድ ጉድኝት፣ ማለትም አብሮ በሚሠራ የትምህርት ቤቶች ቡድን፣ ታቅፈዋል። አንዱ ማዕከል፣ ሦስቱ ሳተላይት ናቸው። አንድ ሱፐርቫይዘር ለአራቱም በባጃጅ ይዞራል። የምንጠይቀውም ለአራቱ ነው፤ ዴስኩ ከእኛ ግቢ ይጀምራል፣ የመለማመጃ ፈተናው ወረቀት ለሁሉም ይዳረሳል።

ብሩስ ከየት ይመጣል? የመምህራን ደመወዝ ከመንግሥት በጀት ይከፈላል፤ ከበጀቱ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እሱ ነው። የሚተርፈው የሥራ ማስኬጃ ጠመኔና መጥረጊያ ገዝቶ ያልቃል። ስኩል ግራንት የምንለው ድጎማ አለ፤ በ2001 ዓ.ም. ከተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ጋር የመጣ ነው፣ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ይሰጣል። የውስጥ ገቢ የሚባልም አለ፦ የግቢ ሣር ሽያጭ፣ አጥር ላይ ያለች አንዲት ሱቅ ኪራይ። ከዚያ ቀጥሎ ያለነው እኛ ነን።

እኛም ሳንሰጥ ቀርተን አይደለም። ከስድስት ዓመት በፊት ለቤተ መጻሕፍት ተብሎ አዋጥተናል። እኔም ሰጥቻለሁ። መሠረቱ ተቆፈረ፣ ድንጋይ ተራገፈ፣ ፎቶ ተነሳን። ከዚያ ሲሚንቶ ተወደደ ተባለ። ኮሚቴው ተቀየረ። ሰነዱ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሄደ። ጉድጓዱ ዛሬም አለ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር የእንቁራሪት መዝፈኛ ነው። ማንንም ሌባ አልልም። ደረሰኝ አልጠየቅኩም፣ ሪፖርት አልጠየቅኩም፣ ሲቆምም ዝም አልኩ። የትምህርት ቤቱን ስም እዚህ ያልጻፍኩትም ለዚህ ነው። የአሁኑ አስተዳደር በቀድሞው ጉድጓድ እንዲጠራ አልፈልግም። የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ስለ ወረቀቱ። ባለፈው ግንቦት 8ኛ ክፍል ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ለሚኒስትሪ የሚዘጋጁ ልጆች ናቸው። ስሙ ክልላዊ ፈተና ሆኗል፣ እኛ ግን ሚኒስትሪ ከማለት አልወጣንም። የሒሳብ መምህሩ የመለማመጃ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይገለብጣል። ማባዣ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ወረቀትም የለም። ልጆቹ ይጽፋሉ። ከኋላ ያሉት «ቲቸር፣ 7 ነው 1 ነው?» እያሉ ይጮኻሉ። ከ40 ደቂቃው 25ቱ በመገልበጥ አለቀ። አራተኛው ጥያቄ ምርጫ ሐ ላይ ሲደርስ ተደወለ። መምህሩ ጠመኔውን ኪሱ ከቶ፣ «መልሱን ነገ» ብሎ ወጣ። ሲያስተምር አይደለም የዋለው፣ ሲጽፍ ነው። ጥፋቱ ደግሞ የእሱ አይደለም።

ይህ የእኛ ሰፈር ጣጣ ብቻ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014ቱ ፈተና 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015ቱ 3.2፣ በ2016ቱ 5.4፣ በ2017ቱ 8.4 በመቶ። በ2015ቱ ፈተና 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ያኔ ካፌ ለካፌ ወሬው ሁሉ እሱ ነበር። «የዘንድሮ ልጅ አያጠና» ተባለ፣ ስልክ ተወቀሰ። ችግሩ ግን 12ኛ ክፍል ላይ አልተወለደም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ኋላ እነዚህ ፈተናዎች ላይ የተቀመጡት በአብዛኛው የእነሱ ታናናሾች ናቸው። አራተኛው ጥያቄ ላይ የተደወለበት የእኛ 8ኛ ክፍል ደግሞ ገና መንገድ ላይ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ንቅናቄ በየቦታው ትምህርት ቤቶች እየታደሱ ነው። እኛም ጋ ባነሩ ተሰቅሏል። ባነር ጥሩ ነው፣ ግን አይቀመጡበትም።

የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው። 73ቱን ዴስኮች ክረምቱ ሳይወጣ መጠገን፤ ማባዣ ማሽኑን አሠርቶ ለአራቱ ትምህርት ቤቶች 6ኛና 8ኛ ክፍል የዓመቱን መለማመጃ ፈተና ማባዛት። ቤተ መጻሕፍቱን አሁን አንነካውም። አንድ ነገር ጨርሰን እንይ።

ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ የብረትና የጣውላ ዋጋ በሳምንት ይለዋወጣል። ከሦስት ብየዳ ቤት ፕሮፎርማ ሰብስበን በሩ አጠገብ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፈናል። የባንክ ሂሳብ ቁጥሩም እዚያው ነው፣ በትምህርት ቤቱ ማህተም። እዚህ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሼር ሲደረግ ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ የሚያሰራጭ አይጠፋም። «የዴስክ ኮሚቴ ነኝ» ብሎ ስልክ የሚደውልላችሁ ካለ እኛ አይደለንም። ሩቅ ያላችሁ፣ ሰፈር ያለ ዘመድ ልካችሁ ሰሌዳውን አስነብቡ።

ሂሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ፊርማ ነው፦ የርዕሰ መምህሯ፣ የወተመህ ሰብሳቢውና የሂሳብ ሠራተኛዋ። በእጅ ብር የሚቀበል ሰው የለም፣ እኔን ጨምሮ። ዕቃ የምትሰጡ በሞዴል 19፣ በዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ ይደረግላችኋል፣ ቅጂውን ሳትይዙ አትውጡ። ጣውላው ከግምጃ ቤት ሲወጣ በሞዴል 22 ይወጣል። አሰልቺ ወረቀቶች ናቸው። ውደዷቸው። ዓርብ ዓርብ የሳምንቱ ገቢና ወጪ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል፣ ፎቶውም የወላጆች ቴሌግራም ላይ ይወጣል። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠረው ማነው ካላችሁ፣ እኒያ የእድሩ እናት ናቸው። አዲሱን መዝገብ ይዤ ስመለስ መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አዩትና፣ «መስመሩ ጠሟል፣ በማስመሪያ አስምረው» አሉኝ። እሺ ማለታቸው ነበር።

አቶቴና መናኸሪያ አካባቢ ብየዳ ቤት ያላችሁ፣ ከብር ይልቅ የእናንተ አንድ ቅዳሜ ይበልጥብናል። ጄኔሬተር ያለው ካለ ይንገረን፣ መብራት አይታመንም። አናጢዎች፣ ቁርጥራጭ ጣውላ አትጣሉ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ የምትወጡ እህቶች፣ ብዙዎቻችሁ በእኛው ግቢ ተከራዮች ናችሁ። ደመወዛችሁን ስለምናውቅ ማንም በራችሁን አያንኳኳም። 20 ብር ያስገባች ግን ስሟ እንደማንኛውም ሰው ሰሌዳው ላይ ይወጣል።

ውጭ ሀገር ያላችሁ የሰፈራችን ልጆች፣ በፍቅር የምለምናችሁ አሮጌ መጽሐፍ በካርቶን እንዳትልኩ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል። ባለፈው የመጣው ካርቶን ውስጥ የበረዶ ሸርተቴ መመሪያ አግኝተናል። ሐዋሳ ላይ! የዚያ ካርቶን ማጓጓዣ ስንት ደስጣ ወረቀት ይገዛ እንደነበር ተዉት።

መምህራን ከዚህ መዋጮ ነፃ ናችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ያለ ክፍያ ማጠናከሪያ የምታስተምሩትን እናያለን። ወላጆችም አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ይህ መዋጮ በውዴታ ነው። ቤተሰቡ ስላልሰጠ ካርድ የሚያዝበት፣ ከክፍል የሚቆም ልጅ አይኖርም። እንዲህ ተደረገ የሚል ከሰማችሁ ለእኔ ሳይሆን ለእድሩ እናት ንገሩ፣ ከእኔ እሳቸው ይሻላሉ።

ሥራው የሚጀመረው በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ ከሰዓት ስለሚዘንብ። መጀመሪያ 73ቱን ከጀርባ አውጥተን በሦስት እንለያቸዋለን፦ ቡሎን ብቻ የሚፈልጉ፣ ጣውላ የሚፈልጉ፣ ብየዳ የሚፈልጉ። ለዚህ ሙያ አያስፈልግም፣ ጓንትና ክንድ ብቻ። ቡና አለ። መዶሻና የቡሎን ቁልፍ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የትምህርት ቤቱ መዶሻ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እጀታው ይወልቃል። እጀታው ላይ ግን እንደ እድሩ ድስት ስማችሁን ጻፉበት።