የከተማው ምጣኔ ሲወርድ የቤት ግብራችሁ ለምን ይጨምራል?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በዳላስና በጋርላንድ ቤት ያላችሁ በየዓመቱ ይህን ትጠይቁናላችሁ፦ «ከተማው የታክስ ምጣኔ ቀነስኩ ይላል፤ የእኔ ሒሳብ ግን ጨምሯል። ማን ነው የሚዋሸው?» ማንም አልዋሸም። ነገሩ የተቋጠረው ኦስቲን፣ የስቴቱ ምክር ቤት ውስጥ ነው።

በ2019 የወጣው የቴክሳስ ሕግ፣ ከተማ ለዕለት ሥራው ከነባር ንብረቶች የሚሰበስበው ገቢ በዓመት ከ3.5 በመቶ በላይ እንዲያድግ ከፈለገ በኅዳር ምርጫ ነዋሪውን እንዲያስፈቅድ ያስገድደዋል። ቀድሞ ገደቡ 8 በመቶ ነበር። አዲስ የተሠራ ቤትና የዕዳ ክፍያ በዚህ አይቆጠሩም።

ለምሳሌ ምጣኔው አምና በ100 ዶላር 70 ሳንቲም ነበር እንበል። የ300,000 ዶላር ቤት 2,100 ዶላር ከፍሏል። ዘንድሮ የከተማው ቤት ሁሉ ግምቱ በ10 በመቶ ቢያድግ፣ ገደቡን ላለማለፍ ከተማው ምጣኔውን ወደ 65.86 ሳንቲም ማውረድ አለበት። ቤታችሁ 330,000 ሲገባ 2,173 ዶላር ትከፍላላችሁ። ምጣኔው ወረደ፣ ሒሳቡ በ3.5 በመቶ ወጣ።

ከተማው ሌላ የገቢ በር ብዙም የለውም። ከ8.25 በመቶው የሽያጭ ታክስ 6.25ቱ የስቴቱ ነው። በሁለቱም ከተሞች ከቀረው ግማሹ ለአውቶቡስና ለባቡር ስለሚሄድ፣ ሬስቶራንታችሁ 100 ዶላር ሲሸጥ ለከተማው የሚደርሰው 1 ዶላር ነው። ቀይ መብራት የጣሰን የሚያስቀጣውን ካሜራም ስቴቱ በዚያው በ2019 ከልክሏል (ለዚህኛው ያዘነ ደንበኛ አላገኘንም)። ስለዚህ የቆሻሻና የፈቃድ ክፍያ ከፍ ሲል ብዙ አትገረሙ።

አሁን በእጃችሁ ወዳለው። ብዙ ሰው ስለ ግምቱ ለመከራከር ማዘጋጃ ቤት ይሄዳል፤ በሩ ያ አይደለም። ምጣኔ የሚያወጣው ከተማው ነው፤ ግምት የሚሰጠው የካውንቲው ግምት ቢሮ፣ አፕሬዛል ዲስትሪክት ነው። የክርክር ቀነ ገደብ ሜይ 15 ወይም ማስታወቂያው ከተላከ በኋላ 30 ቀን ነው፤ የዘገየው ይያዛል።

ለምትኖሩበት ቤት የሆምስቴድ (ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት የሚሰጥ የግብር ቅነሳ) ማመልከቻ በቅጽ 50-114 እስከ ኤፕሪል 30 አስገቡ። በአብዛኛው የሚመለሰው በአንድ ምክንያት ነው፦ መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው አድራሻ የድሮው አፓርታማ ነው። መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። በሆምስቴድ ከቤቱ ግምት 140,000 ዶላር የሚቀነሰው ለትምህርት ቤት ግብር ሲሰላ ብቻ ነው፤ የዳላስ ከተማ ለራሱ ድርሻ ከግምቱ 20 በመቶ ይቀንሳል። የግምት ጭማሪን በዓመት 10 በመቶ ላይ የሚያቆመው ጣሪያ የሚሠራው ሆምስቴዱ ከጸደቀ በሚቀጥለው ዓመት ነው። የኪራይ ቤት ጣሪያው 20 በመቶ ነው፤ ያም ሕጉ ካልታደሰ በ2026 ማብቂያ ያበቃል።

ሱቅና ሬስቶራንት ላላችሁ፦ ከ2026 ጀምሮ የሥራ ዕቃና የሸቀጥ ግምት እስከ 125,000 ዶላር ከግብር ነፃ ነው፤ ቀድሞ 2,500 ብቻ ነበር። ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ ወንበር ሁሉ ይቆጠራል። ዝርዝሩን ከኤፕሪል 15 በፊት አምጡልን።

ሒሳቡ የሚከፈለው እስከ ጃንዋሪ 31 ነው። ፌብሩዋሪ 1 ላይ ቅጣትና ወለድ 7 በመቶ ይጨመርበታል። ከሞርጌጁ ጋር የምትከፍሉም ባንኩ መክፈሉን በካውንቲው ድረ ገጽ አረጋግጡ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሒሳብና ግብር አገልግሎት ቢሮው