ጡረታው እንዳይቀርብኝ ብዬ የተውኩት ሥራ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለቤቴ በደሴ ዙሪያ 16 ዓመት ያስተማረ መምህር ነበር። በግንቦት 2011 ሲያርፍ እኔ የ38 ዓመት ሴት ነበርኩ፣ ልጆቻችን ደግሞ 13 እና 9 ዓመታቸው ነበር። በጊዜው ይሠራበት በነበረው አዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት ሟቹ ሊያገኘው ይችል ከነበረው ጡረታ 50 በመቶው ለሚስት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 18 ዓመት እስኪሞላው 20 በመቶ ይከፈል ነበር። የሟች ጡረታ 2,000 ብር ነው ቢባል፣ ለሚስት 1,000፣ ለሁለት ልጆች 800 ማለት ነው። ደሴ ላይ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ምን ያህል እንደሚያራምድ አንባቢ ያውቀዋል።

በ2012 መጀመሪያ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ጠራኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ፣ ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ከፊቴ የቆሙ እናት «ደመወዝ ከያዝሽ ጡረታው ይታገድብሻል፤ ስንቷ ቀረባት መሰለሽ» አሉኝ። ለማጣራት ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛው ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ «ባትነካኪው ይሻላል» አለኝ። በቃ፣ ይህችው ናት መልሱ። ሥራውን ተውኩት።

ከዚያ በኋላ እንጀራ እየጋገርኩ ለምግብ ቤቶች መሸጥ ጀመርኩ፤ እሱንም በድብቅ። ሰው የሚጠቁምብኝ ስለመሰለኝ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቼ እጋግር ነበር። ጎረቤት «ዛሬም ድግስ አለ እንዴ?» ሲለኝ «የእህቴ ነው» እላለሁ። ጭሱ ግን አይዋሽም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

በ2016 ትልቁ ልጄ 18 ዓመት ሞላውና የእሱ ድርሻ ቀረ። ያን ጊዜ የባለቤቴን የሥራ ባልደረባ ለምኜ ያንኑ የድሮውን አዋጅ አብረን አነበብነው። ስለ ሟች ሚስት በተጻፈው ውስጥ ሥራ መያዝ የሚል አላገኘንም። ያገኘነው ዳግም ጋብቻን ነው፦ ከ45 ዓመት በታች ያለች ሚስት እንደገና ስታገባ አበሉ ይቋረጥ ነበር። እኔ የተከለከልኩት ባል እንጂ ደመወዝ አልነበረም። ለባሉ ደግሞ የጠየቀኝም የለ!

ወሬው ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። ራሱ ጡረታ ወጥቶ ተመልሶ የሚቀጠር ሰው የሚዳኝበት ደንብ ሌላ ነው፤ የእሱ ጉዳይ ከእኛ ጋር ተቀላቅሎ ነው በየለቅሶ ቤቱ የሚወራው። ኮምቦልቻ ያሉ የፋብሪካ ሠራተኞች ሚስቶችም ሲፈሩ ሰምቻለሁ፤ እነሱ የግል ድርጅት ሠራተኞች ሕግ ስላላቸው ግራ መጋባቱ ይብስባቸዋል።

አሁን አዋጁ ተቀይሮ ለመንግሥት ሠራተኞች ቁጥር 1267/2014፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ ቁጥር 1268/2014 ናቸው የሚሠሩት። ስለዚህ ጋዜጣችሁ ከሚመለከታቸው ኃላፊዎች አንዱን ጠይቆ፣ የሟች ሚስት ወይም ባል አበል በምን እንደሚቋረጥና በምን እንደማይቋረጥ በግልጽ አማርኛ ያትምልን። ቢሮዎቹም ለአዲስ ተተኪ፣ ማለትም በሟች ስም አበል ለሚቀበል ቤተሰብ፣ በሚሰጡት ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ቢጨምሩበት ቀለም አያልቅባቸውም።

ባለፈው ወር ባንክ ቤት ልጅ ያዘለች ወጣት ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ሥራ ብገባ ያቋርጡብኛል?» አለችኝ። የማውቀውን ነገርኳት። እሷ ግን አላመነችኝም፤ ከፊታችን የቆሙት እናት ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከደሴ