ስሞኪንም አስታውሱት

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ምዕራብ አፍሪካ ሙዚቃ ስትጽፉ ሌጎስና አክራ ላይ ትቆማላችሁ። የቡርኪና ፋሶ ራፐሮች ግን ተዘንግተዋል።

ሰርጅ ባምባራ፣ በመድረክ ስሙ ስሞኪ፣ የማንንም አሳታሚ ደጅ ሳይጠና እ.ኤ.አ. በ2001 ዋጋዱጉ ላይ «አባዞን» የተባለ የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ። እኔ ከሁሉም በላይ የማከብርለት ይህንን ነው፤ የገዛ ማይክራፎን ያለውን ሰው «ይህን በል፣ ያንን ተው» የሚለው የለም። በ2013 ከሬጌ ድምፃዊው ሳምስክ ለ ጃ ጋር «የዜጎች መጥረጊያ» የተባለውን ንቅናቄ መሠረተ። በ2014 ሕዝቡ የፕሬዚዳንት ብሌዝ ኮምፓዎሬን አገዛዝ ተቃውሞ አደባባይ ወጣ፤ ወጣቶች መጥረጊያቸውን ከፍ አድርገው ይዘው ነበር። 27 ዓመት የገዙት ኮምፓዎሬ አገር ጥለው ሲሄዱ፣ ያንኑ መጥረጊያ ይዘው በግርግሩ የቆሸሸውን ጎዳና አጸዱ።

ዋጋውን ግን ከፍሎበታል። በመስከረም 2015 መፈንቅለ መንግሥት ያደረጉት የኮምፓዎሬ የቀድሞ ዘቦች ስቱዲዮውን በሮኬት መቱት። በዓመቱ ደግሞ እሳት በላው።

ሽልማትና የዩቲዩብ ተመልካች ብዛት ብቻ እያያችሁ እንዲህ ያለውን ሰው አትለፉት። በሚቀጥሉት እትሞቻችሁ ሥራዎቹን በሰፊው እንድታስነብቡን እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ