የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ፦ ስልካችን ድምፁ እስከ የት ይደርሳል?

የሳሙና ሥራውና የጥያቄና መልስ ውድድሩ ዘንድሮም እንደወትሮው ጥሩ ሄደዋል። ክበባችንን ዓመቱን ሙሉ ይዞ የቆየው ግን አንድ ጥያቄ ነው። ያመጣችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ቲቸር፣ ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ስልኬ ኔትወርክ ያሳያል። ስደውል ግን አይሄድም። ለምንድን ነው?»

ደጀን ላይ ለምንኖር ይህ የምናውቀው ነገር ነው። ከከተማው እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ገደሉ ታወሩን ይጋርዳል።

መስመር ሲጨናነቅም ጥሪ እምቢ ይላል። በረሃው ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ የስልኩ አቅም ነው። ስክሪኑ ላይ ያሉት ሰረዞች የሚያሳዩት ስልኩ ከታወሩ የሚቀበለውን ነው። ታወሩ ስልኩን ይስማው አይስማው አይናገሩም። ታወሩ በአሥራዎች የሚቆጠር ዋት ይለቃል። የተለመደው የ4ጂ ስልክ የሚለቀው ኃይል ጣሪያ ግን 23 ዲቢኤም (የኃይል መለኪያ) ነው፤ 200 ሚሊዋት መሆኑ ነው። የዕድር ጡሩምባ ከማዶ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ እኛ «አቤት» ብንል ግን እዚያ አይደርስም።

ጣሪያው በደረጃ የተከፈለ ነው። የብዙዎቻችን ስልክ ደረጃ 3 ነው። ደረጃ 2 እስከ 26 ዲቢኤም፣ ማለትም 400 ሚሊዋት ገደማ ይለቃል። ደረጃ 1.5 ደግሞ 29 ዲቢኤም ይደርሳል። የደረጃው ቁጥር ሲያንስ ኃይሉ ይጨምራል። ተማሪዎቹ 3 ዲቢኤም ብቻ ጨምሮ ኃይሉ እንዴት እጥፍ ይሆናል ብለው ተከራከሩ። ያኔ ሎጋሪዝም በራሳቸው ጥያቄ ገባ፤ እኔ ባስተማርኩበት ክፍለ ጊዜ እንዲህ ሲፈልጉት አይቼ አላውቅም።

እኔ ከሁሉም የወደድኩት የሬዲዮ ሙከራውን ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ በ2ጂ፣ በ900 ሜጋኸርዝ እስከ 2 ዋት ይለቃል፤ የሚለቀውም በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል እየቆራረጠ ነው። ስልኩን ከሬዲዮው ጋር አንድ ጣውላ ላይ አስቀምጠን ደወልን። ድምፅ ማጉያው «ጥርርር» አለ። ጣውላውን እንዳለ ታወሩ ወደሚታይበት መስኮት ስናስጠጋው ጥርርታው ሳሳ። ከብረት ቁም ሳጥኑ ጀርባ ስናስገባው መልሶ በረታ። ታወሩ በደንብ ሲሰማው ስልኩን ኃይል እንዲቀንስ ያዘዋል፤ ተማሪዎቹ ይህን በጆሯቸው ሰሙት። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቀበሌ ባትሪ ቶሎ የሚያልቀውም ለዚሁ ነው፤ ስልኩ ጣሪያው ድረስ ሲታገል ይውላል።

«ታዲያ ለሁሉም ስልክ ለምን አይጨምሩለትም?» የሚለው ክርክር ሁለት ሳምንት ወሰደ። ባትሪው አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ የሌላውን ስልክ መረበሹ አለ። ስልኩ ጆሯችን ላይ መለጠፉም አለ። ሰውነት የሚቀበለው የሞገድ ኃይል በሕግ የተወሰነ ነው፤ ለምሳሌ በአውሮፓ ለጭንቅላት በኪሎ ግራም 2 ዋት ነው።

በሚመጣው ዓመት ከደጀን እስከ ድልድዩ በየመታጠፊያው ሲግናል ለክተን ካርታ እንሠራለን። ቤታችሁ የተቀመጠ ባለ ቁልፍ ስልክ ካለ፣ ባትሪው የሞተም ቢሆን፣ ለክበቡ አምጡልን።