ይድረስ ለአባቴ፦ ስለዛች 360 ብር ለማውራት ፈቃድ ለመጠየቅ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ይሄን መግቢያ ድሮ ለአጎቴ ደብዳቤ ሲያስጽፉኝ እርስዎ ነዎት ያስለመዱኝ፣ አሁንም ሳልጽፈው ማለፍ አቃተኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን እንዳፌ ነው የምጽፈው፣ ስልክ ላይ ስለሆነ ፊደልም ብገድፍ አይቀየሙኝ። አንተ አንባቢው ደሞ ሳትዘል አንብብላቸው፣ አውቅሃለሁ፣ ረዘመ ብለህ መሀሉን እንዳትቆርጠው።

አባ፣ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ኢንተርቪው አለኝ። ይቀጥሩኝ አይቀጥሩኝ የሚለዩበት የቃል ፈተና ማለት ነው። እዚሁ ባህርዳር፣ የግል ድርጅት ነው፣ ቦታው ጁኒየር አካውንታንት ይላል፣ ጀማሪ የሂሳብ ሰራተኛ ማለት ነው። ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ አይቼ ነው ያመለከትኩት፣ የጽሁፍ ፈተናውን ያለፈው ሳምንት ተፈትኜ አለፍኩ፣ ያኔ ዝም ያልኩዎት ብወድቅ ሁለታችንም እንዳናዝን ብዬ ነው። ከማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ከወጣሁ ይኸው ሰባት ወር ሆነኝ፣ ሲቪ ያላስገባሁበት በር የለም፣ ለቃል ፈተና የጠራኝ ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው። "ዜሮ ዓመት የስራ ልምድ" የሚል ማስታወቂያ ራሱ እንደ መስቀል ወፍ ነው ብቅ የሚለው።

እታለም ደህና ናት፣ ሰላም በይልኝ ብላለች። ቡና በተፈላ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ "ሰው አለሽ ወይ?" ውስጥ የሚያስገባሽ ዘመድ አለሽ ወይ ማለታቸው ነው። የለኝም ስላቸው ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ከንፈር ይመጡልኛል። አልፈርድባቸውም፣ ያዩትን ነው የሚናገሩት፣ ግን ሰው የለኝም ብዬ ፈተናውን ልቅር እንዴ?

ስለ ሲቪዬ ላጫውትዎትማ፣ ይስቃሉ። ሲቪ ማለት ሰው የተማረውንና የሰራውን ጽፎ የሚያስገባበት ወረቀት ነው። ኢንተርኔት ቤት ያለው ልጅ ብር ተቀብሎ ጻፈልኝ፣ ለካ የሌላ ሰው ሲቪ ከፍቶ ስም ስሙን ብቻ እየቀየረ ነው የሚሞላው። ቤት ገብቼ ሳነበው ባለትዳር ሆኛለሁ፣ መንጃ ፍቃድ አለኝ፣ ትርፍ ሰዓቴን ኳስ እየተጫወትኩ ነው የማሳልፈው። ያውም በዛ ሲቪ ሶስት ቦታ አመልክቼ ነበር፣ ለዛ ይሆን ያልጠሩኝ እላለሁ አንዳንዴ። አሁን ራሴ ስልኬ ላይ ጻፍኩት፣ አንድ ገጽ ብቻ ሆነ፣ ያውም ፊደሉን አሳድጌው።

የትምህርቱ ጥያቄ ብዙም አያስፈራኝም። ቫት 15 ከመቶ፣ የግል ድርጅት ጡረታ ከሰራተኛው 7 ከአሰሪው 11 ከመቶ፣ ፔቲ ካሽ የሚሉት የትናንሽ ወጪ ብር፣ ባንክ ሪኮንሲሌሽን የሚሉት መዝገቡን ከባንኩ ጋር ማመሳከር፣ ፒችትሪ የሚሉት የሂሳብ ፕሮግራም፣ ይሄን በእንቅልፌም ቢጠይቁኝ እመልሳለሁ። ከ2015 ጀምሮ የመጣውን የመውጫ ፈተናም በዚሁ ነው ያለፍኩት። የምታስፈራኝ አንዲት ጥያቄ ናት፣ እሷም መጀመሪያ የምትመጣዋ፣ "እስኪ ስለራስሽ ንገሪን።"

ይሄ እኮ አባ እኛ ቤት ነውር ነው። ትልቅ ሰው ፊት ቀና ብሎ፣ አይን አይን እያዩ፣ እኔ እንዲህ ነኝ እኔ እንዲያ ነኝ ማለት! እማ ብትሰማኝ "አፏ ረዘመ" ነው የምትለኝ። ከጓደኛዬ ጋር ተለማመድን፣ እሷ ቀጣሪ ሆና ተቀምጣ እኔ አንኳኩቼ ገባሁ፣ በቃ ድምጼ ጠፋ፣ አይኔ መሬት መሬት ያያል፣ እጄ ደሞ የሌለ ነጠላ ጫፍ ይፈልጋል። "ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የገባሽው?" አለችኝ። በስልኳ ቀርጻኝ ኖሮ ሳየው አፈርኩ፣ ደህና አድርጋችሁ ያሳደጋችሁት ልጅ ቪዲዮ ላይ ጥፋተኛ ይመስላል።

ከዛ ምን ላርግ፣ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን መልስ መሸምደድ ጀመርኩ። እኔ ታታሪ ነኝ፣ ጫና መቋቋም እችላለሁ፣ ከሰው ጋር ተግባብቼ እሰራለሁ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የሚሄድ። ድክመትሽ ምንድን ነው ካሉ ደሞ "የጀመርኩትን ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም" በይ ነው ምክሩ፣ ድክመት ተብሎ ምስጋና! ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ዳዊት ደገምኩት። በሶስተኛው ቀን ጓደኛዬም የራሷን ስትለማመድ ሰማኋት፣ ቃል በቃል የኔው ነው። ከአንድ ጉድጓድ ነው የቀዳነው።

ያኔ ነው የዋሸራው ቅኔ ቤት ጨዋታዎ ትዝ ያለኝ። ቀን ሙሉ ዱር ገብታችሁ ቅኔ ስትቆጥሩ፣ የየራሳችሁን ስታወጡ ውላችሁ ማታ የኔታ ፊት ተራ በተራ ለነገራ ስትቀርቡ፣ እርስዎ አንድ ቀን ቁራሽ ልመና ዞረው ሳይቆጥሩ መሸብዎትና ከጎንጅ የመጣው ጓደኛዎ ያጫወተዎትን ጉባኤ ቃና የራስዎ አስመስለው አሉት። የኔታም እስኪጨርሱ ሰምተው "ቅኔውስ መልካም ነው፣ ባለቤቱን ሰላም በልልኝ" አሉዎት። እኛ በሳቅ ስንፈርስ እርስዎ እዛ ጋ በደረሱ ቁጥር ጆሮዎን ያካሉ፣ እስከዛሬ ያሳፍርዎታል መሰለኝ። እኔም ሐሙስ የተሸመደደውን ባወርድላቸው ባለቤቱን ሰላም በይልን የሚሉኝ መሰለኝና ተውኩት፣ ከስልኬም አጠፋሁት።

(እግረ መንገዴን፣ አንዲት ቂም አለችኝ። እማሆይ ገላነሽን፣ አይናቸው ሳያይ ስንቱን ባለቅኔ ያስተማሩትን፣ እያነሱ ሲያደንቁ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፣ እኔ አስተምሩኝ ስል ግን "አንቺ ዘመናዊውን ያዢ" አሉኝ። አሁን ቢሆን ጉባኤ ቃናዬን ይዤ እቀርብ ነበር።)

ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ሁለት ስንኝ ብቻ ናት፣ ለጀማሪ የምትሰጥ፣ ግን በሁለቱም ቤት ውስጥ ባዶ ቃል መኖር የለበትም ይሉ የለ? ይቺም "ስለራስሽ" የሚሏት ሁለት ደቂቃ ናት። ሁለት ደቂቃ የምትሞላ፣ ከማንም ያልቀዳኋት፣ የራሴ የሆነች ምን አለችኝ ብዬ ስገላበጥ አደርኩ፣ ያገኘሁትም የእድሩን ደብተር ነው።

ያስታውሱታል አይደል፣ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፣ አይንዎ መድከም የጀመረበት ሰሞን ነው። በፊት ሂሳቡን በግእዝ ቁጥር ነበር የሚጽፉት፣ መስመሩ ራሱ እንደ ድጓ የሚያምር፣ በኋላ ስብሰባ ላይ ልጆቹ አያነቡትም በፈረንጅ ቁጥር ይሁን ብለው አስቀየሩዎት። የዛን ዓመት ሂሳብ ሲዘጋ ደብተሩና ሳጥኑ አልገናኝ አሉ፣ ሳጥኑ 360 ብር ጎደለ። ማንም በአፉ ምንም አላለም፣ ግን ከቅዳሴ ስንወጣ ሰላምታው ቀዘቀዘ፣ እማ ውሃ ልትቀዳ ስትደርስ ወሬ ይቋረጣል። እርስዎ ጤፍ ሸጬ እተካለሁ ብለው ቆርጠው ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። የአባላቱን ካርድ ሁሉ ሰብስቤ በኩራዝ አንድ በአንድ ከደብተሩ ጋር ሳመሳክር አደርኩ፣ እርስዎ አጠገቤ ቁጭ ብለው ስም እየጠሩልኝ፣ እማ ሁለቴ ቡና አፍልታ፣ ይሄ አሁን የሚያነብልዎት ጎረምሳ ደሞ ካርዱ ላይ ተኝቶበት (ዘለልከው እንዴ?)። ዶሮ ሲጮህ አገኘኋት። ግንቦት ላይ የአስራ አምስት ሰው ውዝፍ፣ አስር አስር ብር፣ 150 መሆን የነበረበት 510 ተብሎ ተጽፏል። አንዱና አምስቱ ቦታ ተለዋወጡ፣ በቃ ይሄው ነው። ብሩ ከሳጥን አልወጣም፣ ድሮም አልገባም።

በግእዝ ጽፈውት ቢሆን እኮ ይሄ ጣጣ አይመጣም ነበር! ፻፶ እና ፭፻፲ በምን ይምታታል? ሰብስበው ያስቀየሩዎት ሰዎች ናቸው ባለዕዳዎቹ እላለሁ እኔ።

ያልነገርኩዎት ነገር ደሞ አለ። ማርቆስ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ መምህራችን፣ ዴቢትና ክሬዲት፣ የሂሳቡ ግራና ቀኝ፣ አልመጣጠን ሲላችሁ ልዩነቱን ለ9 አካፍሉት፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሁለት ቁጥር ተገላብጦ ተጽፎ እንዳይሆን ጠርጥሩ አለን። እኔ ደብተሬ ጥግ ላይ 360 ብዬ ጻፍኩና ለ9 አካፈልኩት። 40። ያለ ቀሪ። አባ እዛው ክፍል ውስጥ እንባዬ መጣ፣ ጎኔ ያለችው ልጅ ምን ሆንሽ ትለኛለች፣ ምን ብዬ ላስረዳት። ይሄን ብናውቅ ያን ሌሊት ግማሹን እንተኛ ነበር። ግን ደሞ ሳስበው ደስም ብሎኛል፣ እኔ ጭንቅ ብሎኝ የሰራሁት ነገር ለካ መጽሐፍ ውስጥ ስም ያለው ስራ ነው።

የእሁዱን ስብሰባም አልረሳውም። አይን ደክሞኝ ነው ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር፣ እርስዎ ግን ብድግ ብለው "ስህተቱ የኔ ነው፣ ያገኘችው ልጄ ናት" አሉ። ከዛ ወዲያ እስከ 12ኛ ክፍል ደብተሩን እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እርስዎ እየነገሩኝ። አራት ዓመት ማለት ነው፣ ቅጹ ላይ ግን የስራ ልምድ ዜሮ ብዬ ሞልቻለሁ፣ የእድር ደብተር የሚሞላበት ሳጥን የለውማ።

እንግዲህ ጉዳዬ ይሄ ነው፣ ሐሙስ ስለራስሽ ንገሪን ሲሉኝ ይሄን ልንገራቸው ወይ? አባቴ ተሳስቶ ነበር ብዬ ለማላውቃቸው ሰዎች ላውራ ወይ? አንዴ በአደባባይ ተናግረው የዘጉትን ነገር እኔ ደግሜ ልከፍተው ከበደኝ። ስምዎን አልጠራም፣ አገራችንንም አልጠራም። "አንድ የእድር ጸሐፊ" ብዬ ባልፈው ብዬም ሞክሬያለሁ፣ ጓደኛዬ ፊት ሁለቱንም አድርጌ አየሁት፣ "አንድ ሰውዬ" ያልኩ እንደሆን ድምጼ ተመልሶ ይጠፋል፣ "አባቴ" ያልኩ ጊዜ ግን ሳላስበው ቀና ብያለሁ፣ ቪዲዮውም ላይ ይታያል። ደስ ካላለዎት ግን አልነካውም፣ ሌላ እፈልጋለሁ፣ የእውነቴን ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ደሞዝ ስንት ትጠብቂያለሽ ካሉኝ እንደ እርስዎ የበሬ ገበያ አደርገዋለሁ፣ ቀድሜ ዋጋ አልጠራም፣ እናንተ ለቦታው ስንት መድባችኋል እላለሁ። ችግሩ እዚህ በሬውም ሻጩም እኔው ነኝ፣ ጥርሴን ከፍተው ባላዩኝ! ልብስ የእታለም ጃኬት ልክክ ብሎኛል፣ ጫማው ትንሽ ይጠባል፣ ግን እዛ የምቀመጥ እንጂ የምሄድ አይደለሁም። ለእማ ደሞ ይንገሩልኝ፣ ቢቀበሉኝም እስከ 60 የስራ ቀን የሙከራ ጊዜ የሚባል አለ፣ አዋጁ ላይ ያለ ነው፣ እስከዛ ጠላ እንዳትጠምቅ፣ ለጎረቤትም እንዳታወራ።

አይንዎን በተመለከተ ጤና ጣቢያ ሞራ ነው ካሉዎት መግፈፍ ይቻላል፣ በቀዶ ጥገና ነው፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን በአዴት በኩል ይመጣሉ፣ እታለም ቤት ያርፋሉ። ስራውን ባገኝም ባላገኝም ነው የምለው፣ አሁን "ልጅቷ ሀሳብ በዛባት" ብለው እንዳያሳልፉት።

መልሱን እስከ ረቡዕ ማታ በቮይስ ይላኩልኝ፣ ኔትወርክ ካስቸገረ ቤተክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ይወጣል፣ ይሄ ልጅ ያውቀዋል። አዎ ወይም አይሆንም ማለት ይበቃኛል፣ ጸሎቱን ግን አያሳጥሩት። እና አንተ፣ ያ አሮጌ ደብተር ሳጥኑ ውስጥ ካለ የግንቦትን ገጽ ፎቶ አንሳና ላክልኝ፣ 510ሩ ተሰርዞ 150 የተጻፈበትን፣ ጎኑ ላይ የአባ ፊርማ አለ። ፍላሽ እንዳታበራ፣ ቀለሙ ፈዟል፣ ውጪ አውጥተህ በቀን አንሳው።

ልጅዎ፣ ጸሐፊዎ