ስለ መሀሉም ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አከርካሪያቸው ክፉኛ ስለተጣመመ ልጆች የምታወጧቸውን ዜናዎች እከታተላለሁ። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ዜናው ሁሌ ሁለት ፎቶ ነው፤ ጎብጦ የነበረው ልጅ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ የቆመው ልጅ። መሀሉ የለም። ወላጅን የሚያስፈራው ደግሞ መሀሉ ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። እናቶች ስልካቸው ላይ ያገኙትን ፎቶ ያሳዩኛል። ጭንቅላቱ ላይ ብረት የታሰረ ልጅ ነው። «ልጄንማ እንዲህ አላስደርጋትም» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። የነገራቸው ሰው የለም።

ብረቱ ሃሎ የሚባል ቀለበት ነው። ልጁ ማደንዘዣ ወስዶ በተኛበት ይታሰራል። ትናንሾቹ ብሎኖች የራስ ቅሉን አጥንት የውጭውን ሽፋን ብቻ ነው የሚይዙት፤ አንጎል ጋ አይደርሱም። ከዚያ ቀለበቱ በገመድ ከክብደት ጋር ይያያዛል። ክብደቱ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ይስባል፣ የልጁ ሰውነት ወደ ታች። በጥቂት ኪሎ ይጀመርና ቀስ በቀስ እየተጨመረ የልጁን ክብደት ግማሽ ያህል ሊደርስ ይችላል። ማታ ይቀነሳል። ልጁ ግን አልጋ ላይ ታስሮ አይውልም። ዊልቸርና መራመጃው ላይም ስለሚገጠም ይሄዳል፣ ይማራል፣ ይጫወታል።

ለምን ይህ ሁሉ? ከ100 ዲግሪ በላይ የተጣመመን አከርካሪ በአንድ ቀን ኦፕራሲዮን አቀናለሁ ማለት ህብለ ሰረሰሩን፣ ማለትም በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭ መጉዳት፣ ልጁንም ሽባ ማድረግ ሊሆን ይችላል። ከኦፕራሲዮኑ በፊት በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ሲሳብ ግን ጡንቻና ጅማቱ ይላላል፤ ህብለ ሰረሰሩም ለውጡን ይለምደዋል። ደረት ከፈት ሲል ትንፋሽ ይሻሻላል። እነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ከስተው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ያ ጊዜ በደንብ የሚመገቡበትም ነው። ደካማ ሳንባና ባዶ ሰውነት ይዞ ረጅም ኦፕራሲዮን መግባት አደገኛ ነው።

አደጋ የለውም አልልም። የብሎኖቹ ቦታ በየቀኑ ካልጸዳ ሊያመረቅዝ ይችላል። ዓይኑ ብዥ ካለበት፣ መዋጥ ካቃተው፣ እጅ እግሩ ከደነዘዘ ክብደቱ ወዲያው መቀነስ አለበት። ለሁሉም ልጅም አይሆንም። በተለይ የአከርካሪ ቲቢ ጥሎት የሚሄደው ሹልና ደረቅ ጉብጠት ሲሳብ ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪሙ ምርመራውን አይቶ ይወስናል።

ብዙ የእኛ ልጆች ይህን ጊዜ ያሳለፉት ጋና ነው፤ አክራ በሚገኘው፣ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ በመሠረቱት ፎኮስ ሆስፒታል። ብዙዎቹን ከአዲስ አበባ የላኳቸው አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ ናቸው። አስቡት፣ አገሩ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ፣ ምግቡ ሌላ። ለአንድ ልጅ ከብረቱ ይልቅ የእናት ናፍቆት ይከብደው ይሆናል። ይህንም ቤተሰብ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ማን በስልክ ያጽናናዋል? ትምህርቱስ?

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው ዜናችሁ ሃሎ ያደረገን ልጅ ፎቶ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ከነማብራሪያው አውጡት። ልጁን ራሱን አናግሩት፤ ያመመውን፣ የለመደውን፣ ማታ እንዴት እንደሚተኛ ይንገራችሁ። የአንዱ ትከሻ ከሌላው ከፍ ያለበት ወይም ሲያጎነብስ ጀርባው በአንድ ወገን የሚያብጥ ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም እንዲያየውም ጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ