የኮምፒውተር ክበብ ዘገባ፦ ዝርዝር ስናመላልስ የከረምንበት ዓመት

የክበባችን የ2017 ዓ.ም. ዋና ሥራ የቤተ መጻሕፍቱን የውሰት መዝገብ ወደ ድረ ገጽ ማዛወር ነበር። ሁሉንም በላቦራቶሪው ኮምፒውተር ላይ፣ ሰርቨር ላይ በሚሠራው የፕሮግራም ቋንቋ በፒኤችፒ ሠራነው። አንደኛው ሴሚስተር በፎርምና በቀለም ምርጫ ስላለፈ ብዙ የሚጻፍለት የለም።

ቁም ነገሩ የመጣው የተዋሾችን ዝርዝር ከሰርቨር ወደ ብሮውዘር መላክ ሲያስፈልግ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ዝርዝሩን በተራ ቁጥር የሚይዘው አሬይ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ብቻ የሚቆይ ነገር ነው፤ ፋይል ላይ ለማስቀመጥም ሆነ ለመላክ ወደ ጽሑፍ መለወጥ አለበት። ፒኤችፒ ለዚህ ሲሪያላይዝ የሚባል የራሱ ትእዛዝ አለው፤ ሌሎች ቋንቋዎችም የሚያነቡት ጄሰን የሚባል የአጻጻፍ ስልትም አለ።

በሲሪያላይዝ ጀመርን። የ10ኛ ክፍል አባላት ፋይሉን ሲከፍቱ «አበበ» ከሚለው ስም ፊት 9 ተጽፎ አገኙ። ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ቁጥር! ከብዙ ክርክር በኋላ የሚቆጠረው ፊደሉ ሳይሆን በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚይዘው ቦታ መለኪያ፣ ባይት መሆኑን፣ ፊደል በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ 8 ሥርዓት ደግሞ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት እንደሚይዝ ራሳቸው ደረሱበት። አንዷ ስሙን በእጇ «አበበች» ብላ ብታርመው ፋይሉ አልነበብ አለ፤ 9ኙን 12 ስታደርገው ተነበበ። ይህንኑ ሰሌዳ ላይ ባስተምረው ግማሹ ክፍል ያንቀላፋ ነበር። ከውጭ በመጣ ጽሑፍ ላይ ጽሑፉን መልሶ የሚፈታውን አንሲሪያላይዝን መጠቀም ግን ከልክያለሁ፤ ኦብጀክት (መረጃን ከሚሠራበት ትእዛዝ ጋር የያዘ የፕሮግራም አካል) ጭምር ስለሚፈጥር ለአጥቂ በር ይከፍታል።

ወደ ጄሰን ስንዞር የአማርኛው ስም ሁሉ ወደ ኮድ ተለወጠ። መረጃው አልተበላሸም፤ ብሮውዘሩ ሲፈታው ፊደሉ ይመለሳል። ፋይሉን ሰውም እንዲያነበው ለሚፈልግ ከፒኤችፒ 5.4 ወዲህ ዩኒኮድን፣ ማለትም እንደ አማርኛ ያለውን ፊደል፣ እንዳለ የሚተው አማራጭ አለ።

ከሁሉ ያደከመን ሌላ ነው። መጽሐፍ የመለሰ ተማሪ ከዝርዝሩ ሲሰረዝ ገጹ ባዶ ይሆናል። አሬዩ 0፣ 1፣ 2 እያለ እስከተከታተለ ድረስ ጄሰኑ ዝርዝር ሆኖ ይወጣል፤ ከመካከል 1 ሲጎድል ግን ኦብጀክት (እያንዳንዱ ነገር በስያሜ የሚያዝበት ቅርጽ) ይሆናል፣ ዝርዝርን አንድ በአንድ የሚያልፈው የብሮውዘሩ ቋንቋ የጃቫስክሪፕት ፎርኢችም አይሠራበትም። የ11ኛ ክፍሎቹ ሁለቱን ውጤቶች አትመው ጎን ለጎን በማስቀመጥ ደረሱበት፤ ለእኔ ከዚህ የተሻለ የስህተት ማደኛ የለም። መፍትሔው አንድ መስመር ሆነ፦ ከመላክ በፊት አሬይ ቫልዩስ በሚባለው የፒኤችፒ ትእዛዝ ቁጥሩን እንደ አዲስ ማስያዝ።

ለመጪው ዓመት የቀረን የመመለሻ ቀኑ ነው። ጄሰን ለቀን የተለየ ዓይነት ስለሌለው ቀን የሚጓዘው እንደ ጽሑፍ ነው፤ የጃቫስክሪፕት የቀን መያዣ ዴት ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጆቹን 12 ወር ብቻ ነው። ጳጉሜን 3 የሚመለስ መጽሐፍ እንዴት ይመዝገብ በሚለው ላይ አባላቱ እስካሁን አልተስማሙም።